ስለ ዙሪክ ፖሊቴክኒክ (ኢቲኤች) ታሪክ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በስዊዘርላንድ ዙሪክ ከተማ የሚገኘው ኢቲኤች የተባለው የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ በአማርኛ አንባቢዎች ዘንድ ስሙ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ከአልበርት አንስታይን ጋር ተያይዞ ነው። የዳግማዊ ምኒልክን ዘመን ታሪክ በቅርብ የተከታተሉ ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበሩት ሙሴ ኢልግ የተማሩበት ትምህርት ቤት መሆኑን ያውቃሉ። ከዚህ በታች የቀረቡት ስለ ተቋሙ አመሠራረትና አካሄድ ደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች ናቸው። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስሙ ምን ማለት ነው? አንዳንድ ጊዜ «ፖሊቴክኒክ»፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ «ኢቲኤች» የሚባለው ለምንድን ነው?

ሁለቱም የአንድ ተቋም ስሞች ናቸው። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት «የፌዴራል ፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት» ይባል ነበር። አሁን የሚጠራበትን፣ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የኮንፌዴሬሽኑ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት» የሚል ትርጉም ያለውን የጀርመንኛ ስም ያገኘው በ1911 ሲሆን፣ ኢቲኤች የሚለውም የዚህ ስም ሦስት ቃላት መነሻ ፊደላት ስብስብ ነው። የዙሪክ ሰው ግን እስከ ዛሬ ድረስ «ፖሊ» ማለቱን አልተወም። በዚህ ጽሑፍም ከ1911 በፊት ያለው ዘመን ሲነሣ «ፖሊቴክኒክ»፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሲነሣ «ኢቲኤች» የሚለውን ስም እንጠቀማለን።

መቼ ተመሠረተ? መሥራቹስ ማን ነው?

የማቋቋሚያ ሕጉ የጸደቀው ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1854 ሲሆን ትምህርት የተጀመረው በኦክቶበር 1855 ነው። መሥራቹ የስዊዘርላንድ ፌዴራል መንግሥት እንጂ ከተማው ወይም ካንቶኑ (ካንቶን የሚባለው አገሪቱ የተከፋፈለችበት የራስ ገዝ ክልል ነው) አይደለም። በዚያ ዘመን በስዊዘርላንድ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ የየካንቶኖቻቸው በመሆናቸው፣ ፖሊቴክኒኩ የአገሪቱ ሁሉ የሆነ የመጀመሪያው ከፍተኛ ትምህርት ቤት ለመሆን በቃ።

መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ማቋቋም ይችል ከነበረ፣ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የመረጠው ለምንድን ነው?

እንደ እውነቱ ከሆነ አልመረጠም፤ የቀረለት እሱ ነበር። የዛሬዪቱ ስዊዘርላንድ የቆመችው በ1848 በጸደቀው ሕገ መንግሥት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በኖቬምበር ወር፣ የተለየ ኅብረት የመሠረቱት የካቶሊክ ካንቶኖች ከተቀሩት ጋር ጦር ተማዘው ነበር። ውጊያው አንድ ወር ሳይሞላው ቢያበቃም ቂሙ ግን ገና ትኩስ ነበር። አዲሱ ሕገ መንግሥት ፌዴራል መንግሥቱ አንድ ዩኒቨርሲቲና አንድ ፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ማቋቋም እንደሚችል ደነገገ። የዙሪኩ ተወላጅ፣ ፖለቲከኛና የባቡር ሐዲድ ባለሀብት የነበረው አልፍሬድ ኤሸርም በዚህ ድንጋጌ ተደግፎ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲው በከተማው እንዲቋቋም ብዙ ደከመ። የመንግሥት መቀመጫነቱን በርን ስለወሰደችው፣ ለዙሪክ ሰዎች ዩኒቨርሲቲው እንደ ካሣ የሚታይ ነገር ነበር።

ተቃዋሚው ግን ከየአቅጣጫው መጣ። የካቶሊክ ካንቶኖች ልጆቻችን በፕሮቴስታንት ከተማ የፕሮቴስታንት መንፈስ ይዘው ይመለሱብናል ብለው ሰጉ። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ሁሉም ነገር በጀርመንኛ ሊዋጥ ነው ሲሉ፣ ቀድሞውኑ የራሳቸው ዩኒቨርሲቲ የነበራቸው ከተሞች ደግሞ የእኛን ሊያዳክም የሚመጣ ተቀናቃኝ በግብራችን አይቋቋምም አሉ። በዚህ ሁሉ መካከል የዩኒቨርሲቲው ሐሳብ ወደቀ፤ ፖሊቴክኒኩ ግን አለፈ። ሥነ መለኮት፣ ሕግና ታሪክ የሚያስተምር ተቋም በየካንቶኑ ጥርጣሬ ሲያስነሣ፣ የባቡር ሐዲድ የሚዘረጋና ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ግን ለካቶሊኩም ለፕሮቴስታንቱም፣ ለጀርመንኛ ተናጋሪውም ለፈረንሳይኛ ተናጋሪውም እኩል ያስፈልግ ነበር።

የዩኒቨርሲቲው ደጋፊዎች ተሸንፈው ዝም አላሉም። አዲሱ ትምህርት ቤት አምስት የሙያ ክፍሎች ሲኖሩት፣ እነሱም ሥነ ሕንፃ፣ ሲቪል ምህንድስና፣ መካኒካል ምህንድስና፣ ኬሚስትሪና የደን ትምህርት ነበሩ። ስድስተኛ ክፍልም ተጨመረበት፤ በዚህኛው ውስጥ ሒሳብ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ የፖለቲካና የማኅበራዊ ትምህርቶች ተጠቃለው ገቡ። በፊት በር የተከለከለው ዩኒቨርሲቲ በጓሮ በር ገባ ማለት ነው። በእኔ ግምት ተቋሙ በኋላ ላገኘው ዝና ከሌሎቹ ክፍሎች ይልቅ ይህ ስድስተኛ ክፍል ብዙ አስተዋጽኦ አለው፤ አንስታይንም የተማረው በዚሁ ክፍል ነው።

ከዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ጋር አንድ ነውን?

አይደለም። የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ በ1833 የተቋቋመ የካንቶኑ ተቋም ነው። ሰዎች ሁለቱን የሚያምታቱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጎን ለጎን የቆሙ ከመሆናቸውም በላይ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረዋል። ትምህርት ቤቱ ዙሪክ ላይ እንዲሆን ሲወሰን ሕንፃውን የማቅረብ ግዴታ የተጣለው በካንቶኑ ላይ ነበር። ካንቶኑም ይህን ያህል ወጪ ካወጣሁ የራሴም ዩኒቨርሲቲ ይግባበት በማለቱ፣ የሕንፃው የደቡብ ክንፍ ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ። ዩኒቨርሲቲው አጠገቡ በተሠራለት የራሱ ሕንፃ የገባው በ1914 ነው።

ሕንፃውን የነደፈው ጎትፍሪድ ዜምፐር የመጀመሪያው የሥነ ሕንፃ ፕሮፌሰር ነበር። በጀርመኗ ድሬስደን ከተማ በ1849 በተነሣው ዐመፅ ተሳትፎ ከተሰደደ በኋላ ለንደን ውስጥ ሲኖር፣ እንደሱው ስደተኛ ሆኖ ዙሪክ የተቀመጠው ሙዚቀኛው ሪቻርድ ቫግነር ለዚህ ቦታ እንዲታሰብ አድርጎለታል። ግንባታው በ1864 ተጠናቀቀ። በሰሜኑ በኩል ያለውን ግድግዳ ቀና ብሎ የተመለከተ ሰው በሁለት ዓይነት ቀለም ልስን ላይ እየተፋቀ የተሠራ ሥዕል ያያል፤ የሳይንስና የጥበብ ሰዎች መልክ ተደርድሯል፤ በላቲን የተጻፈውም ለሳይንስና ለጥበባት ካልሆነ በቀር መወለድ ባላስፈለገ ነበር የሚል መልእክት አለው። ዛሬ ከሩቅ የሚታየው ጉልላት ግን የዜምፐር ሥራ አይደለም። እሱ የመጣው ከ1915 እስከ 1924 ጉስታፍ ጉል ሕንፃውን ባስፋፋበት ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ላይ እነማን ያስተምሩ ነበር? ትምህርቱስ እንዴት ይሰጥ ነበር?

አዲሱ ትምህርት ቤት በአንድ ነገር ዕድለኛ ነበር፦ ከ1848ቱ አብዮቶች መክሸፍ በኋላ ከየአገሩ የተሰደዱ ብዙ ምሁራን ስዊዘርላንድ ውስጥ ነበሩ። ከኔፕልስ የተሰደደው ፍራንቼስኮ ዴ ሳንክቲስ የጣሊያንኛ ሥነ ጽሑፍ አስተማረ። የፊዚክስ ፕሮፌሰሩ ሩዶልፍ ክላውዚዩስ የሙቀት ሳይንስን ሁለተኛ ሕግ ከቀረጹት አንዱ ሲሆን ለአሥራ ሁለት ዓመት ያህል እዚህ ሠርቷል። ከሁሉም ይልቅ ልብ የሚነካኝ የሪቻርድ ዴደኪንድ ታሪክ ነው። ወጣቱ የሒሳብ ሊቅ በ1858 ለመሐንዲስ ተማሪዎች ካልኩለስ ማስተማር ሲጀምር፣ ለተማሪዎቹ በሥዕል እያሳየ የሚያልፈው ነገር በትክክለኛ ማስረጃ ያልተደገፈ መሆኑ ከነከነው። በቁጥር መስመር ላይ ክፍተት አለመኖሩ በምን ይታወቃል? የሚለውን ጥያቄ እያወጣ እያወረደ ሰነበተና መልሱን ያገኘው በዚያው ዓመት ኖቬምበር 24 ቀን ነው፤ ቀኑንም ራሱ መዝግቦ አስቀምጦታል። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው «የዴደኪንድ ቁርጥ» ተብሎ የሚማሩት ይህንኑ ነው። መሐንዲሶችን ማስተማር ንጹሕ ሒሳብን ወለደ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚነገረን ተገላቢጦሹ ነው።

የትምህርቱ ሥርዓት ግን ከዩኒቨርሲቲ ይልቅ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይቀርብ ነበር። የትምህርቱ ዝርዝር አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ ተማሪው በየጊዜው ይጠየቃል፤ በዓመቱ መጨረሻ ካላለፈ ይደግማል ወይም ይሰናበታል። ለዚህ አርአያ የሆኑት በ1794 የተቋቋመው የፓሪሱ ፖሊቴክኒክና በ1825 የተቋቋመው የካርልስሩኸ ትምህርት ቤት ናቸው። ተማሪዎች የሚማሩትን በመጠኑም ቢሆን ራሳቸው የመምረጥ ነፃነት ያገኙት ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ በኋላ ነው።

ዝናው የጀመረው በአንስታይን ነውን?

አይደለም፤ አንስታይን ከመምጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት የፖሊቴክኒኩ ስም በድልድይ ሠሪዎች ዘንድ የታወቀ ነበር። ለዚህም ዋነኛው ሰው ካርል ኩልማን ነው። ኩልማን ከተቋሙ መከፈት ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1881 ድረስ ምህንድስና ያስተማረ ሲሆን፣ ያስፋፋውም ዘዴ በድልድይና በጣሪያ ላይ የሚያርፉ ኃይሎችን በረጅም ስሌት ፋንታ በሥዕል መፍታት ነበር። ተማሪው ማስመሪያና እርሳስ ይዞ እያንዳንዱን ኃይል በልኩና በአቅጣጫው መስመር አድርጎ ይስላል፤ የአንዱ መስመር ጫፍ ባለቀበት ላይ ሌላውን ይቀጥላል፤ የመጨረሻው መስመር ዞሮ ከመጀመሪያው ነጥብ ላይ ከገጠመ ኃይሎቹ ተመጣጥነዋል፣ ካልገጠመ የጎደለው ኃይል ምን ያህል እንደሆነና በየት በኩል እንደሆነ ከወረቀቱ ላይ በማስመሪያ ይለካል። ዘዴው ፈጣን ብቻ ሳይሆን መሐንዲሱ ኃይሉ በግንባታው ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ በዓይኑ እንዲያይ ያደርግ ነበር።

ከኩልማን ተማሪዎች አንዱ ሞሪስ ኮክላን ነው። በጉስታቭ ኤፍል ድርጅት ተቀጥሮ ሲሠራ፣ በ1884 ከባልደረባው ከኤሚል ኑጊየ ጋር የአንድ ረጅም የብረት ማማ ንድፍ አወጣ። ከሥሩ ሰፍቶ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄደው የፓሪሱ ማማ ቅርጽ ለማማር ብቻ የተመረጠ ሳይሆን ከነፋስ ግፊት ስሌት የወጣ ሲሆን፣ ያ ስሌትም የዙሪክ አሻራ አለበት። ማማው በባለቤቱ ስም ተጠራ እንጂ የመጀመሪያውን መስመር ያሰመረው እጅ የፖሊቴክኒኩ ተመራቂ እጅ ነው።

የዚህ ዝና ሌላው ገጽታ ግን አሳዛኝ ነው። ጁን 14 ቀን 1891 በባዝል አቅራቢያ ሚውንሽንሽታይን በተባለ ስፍራ፣ በቢርስ ወንዝ ላይ የተዘረጋ የባቡር ድልድይ ሰው የሞላበት ባቡር ሲያልፍበት ተደርምሶ ከ70 በላይ ሰዎች ሞቱ። ድልድዩ የዚያው የኤፍል ድርጅት ሥራ ነበር፤ ኮክላን ከመቀጠሩ በፊት የተሠራ መሆኑን መጨመር ይገባል። ምርመራው የተሰጠው ለፖሊቴክኒኩ ሁለት ሰዎች፣ ለቪልሄልም ሪተርና ለሉድቪግ ቴትማየር ነበር። ቴትማየር በ1880 በትምህርት ቤቱ ውስጥ የተቋቋመው የግንባታ ዕቃዎች መፈተሻ ኃላፊ ሲሆን፣ የብረት ዘንጎችን እየጨመቀ የሚጎብጡበትን ክብደት ሲለካ ቆይቷል። መሐንዲሶች ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ሲመኩበት የኖሩት የኦይለር ቀመር ለቀጫጭን ዘንጎች ቢሠራም፣ አጠር ወፈር ላሉት ግን ከእውነተኛው በላይ ጥንካሬ እንደሚያሳይ በሙከራ አረጋገጠ። በማግስቱ ዓመት መንግሥት ለድልድዮች ግንባታና ቁጥጥር ደንብ አወጣ። ያ መፈተሻ ዛሬ ኤምፓ ተብሎ ራሱን የቻለ ብሔራዊ የምርምር ተቋም ሆኗል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ትውልድም በዚሁ ሙያ ቀጠለ። በ1902 የተመረቀው ኦትማር አማን ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በ1931 የተከፈተውን የኒው ዮርኩን የጆርጅ ዋሽንግተን ድልድይ ነድፏል፤ ከአንዱ ማማ እስከ ሌላው ያለው 1,067 ሜትር ርቀት በዘመኑ ከነበረው ረጅሙ ድልድይ በእጥፍ ገደማ ይበልጥ ነበር።

ሙሴ ኢልግ እዚህ ተምረዋል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። አልፍሬድ ኢልግ በፍራውንፌልድ ከተማ የተወለዱት በማርች 1854 ማለቂያ ሲሆን፣ የፖሊቴክኒኩ ሕግ ከጸደቀ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም ነበር፤ ሰውዬውና ትምህርት ቤታቸው እኩያሞች ናቸው። ዙሪክ ላይ መካኒካል ምህንድስና ተምረው እንደጨረሱ፣ በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ በኤደን ባለ የስዊስ የንግድ ቤት በኩል መሐንዲስ ማፈላለጋቸውን ሰሙ። ከአገራቸው በ1878 ተነሥተው በማግስቱ ዓመት መጀመሪያ አንኮበር ደረሱ።

ምኒልክ መጀመሪያ ጫማ እንዲሠሩላቸው አዘዟቸው ተብሎ ይተረካል። መሐንዲስ ነኝ ላለ ሰው ትእዛዙ ግር ሊል ይችላል፤ ነገር ግን ለንጉሡ መሐንዲስና ባለእጅ የሚለያዩበት ምክንያት አልነበረም፣ ሁለቱም የሚመዘኑት በሠሩት ነው። ኢልግም በሠሩት ተመዘኑ። በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠርተዋል፤ ከእንጦጦ ተራራ በቧንቧ ውሃ አውርደው ቤተ መንግሥቱ እንዲደርስ አድርገዋል። ውሃው በቧንቧ ቁልቁል ወርዶ መልሶ ኮረብታውን ሽቅብ መውጣቱ ለአንድ የፖሊቴክኒክ ተማሪ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው፤ ለአዲስ አበባ ሰው ግን በዘመኑ ግጥም የተገጠመለት ተአምር ነበር።

ከ1890ዎቹ ወዲህ ግን ሥራቸው ከምህንድስና ወደ መንግሥት ጉዳይ አዘነበለ። በ1894 የባቡር ሐዲዱን ፈቃድ ከዳግማዊ ምኒልክ ተቀበሉ፤ በ1897 የመንግሥት አማካሪነት ማዕረግ ተሰጥቷቸው የውጭ ጉዳዩን ሥራ ያካሂዱ ጀመር። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ ለዓመታት ቆመ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ኢልግ ከዚያ ቀደም ብለው ወደ ዙሪክ ተመልሰው በጃንዋሪ 1916 ስላረፉ፣ የለፉለትን ባቡር ፍጻሜ አላዩም። ከኢትዮጵያ የሰበሰቧቸው ዕቃዎች አሁን በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛሉ፤ ከተማሩበት ትምህርት ቤት ጥቂት እርምጃ በሚርቀው ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው።

አንስታይን በመግቢያ ፈተናው መውደቁ እውነት ነው?

አዎ፣ ነገር ግን ተማሪ ለማጽናናት በሚነገርበት መንገድ አይደለም። በ1895 ፈተናውን ሲወስድ ዕድሜው 16 ብቻ ሲሆን፣ የተለመደው የመግቢያ ዕድሜ 18 ነበር፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱንም ሚውኒክ ላይ አቋርጦ ስለመጣ የማጠናቀቂያ ወረቀት አልነበረውም። በሒሳብና በፊዚክስ ያሳየው ውጤት መምህራኑን አስደንቋል፤ የጣለው አጠቃላዩ ክፍል፣ ማለትም ቋንቋና የመሳሰለው ነው። ዳይሬክተሩ አልቢን ኸርጾግ አራው በተባለችው ከተማ በሚገኘው የካንቶን ትምህርት ቤት አንድ ዓመት እንዲቆይ መከሩት። ምክሩን ተቀብሎ በ1896 የማጠናቀቂያ ፈተናውን አለፈና ያለ ተጨማሪ ፈተና ገባ።

አንስታይን በሒሳብ ደካማ ነበር የሚለው ወሬ ግን ፈጽሞ መሠረት የለውም። ለወሬው መስፋፋት አንዱ ምክንያት የውጤት አሰጣጡ ሳይሆን አይቀርም፤ በጀርመን 1 ከፍተኛው ውጤት ሲሆን በስዊዘርላንድ ከፍተኛው 6 ነው። በአራው የምስክር ወረቀቱ ላይ በአልጀብራ፣ በጂኦሜትሪና በፊዚክስ የተመዘገበለትን 6 በጀርመን ዓይን ያነበበ ሰው መጨረሻ የወጣ ተማሪ ይመስለዋል።

በፖሊቴክኒኩ የቆየባቸው አራት ዓመታት የድል ዓመታት አልነበሩም። ክፍለ ጊዜ እየዘለለ ቤቱ የራሱን መጻሕፍት ያነብ ነበር፤ ለፈተና ያዳነው የጓደኛው የማርሴል ግሮስማን ጥርት ያለ ማስታወሻ ነው። በ1900 ከክፍሉ ለመጨረሻው ፈተና ከቀረቡት አምስት ተማሪዎች አንዱ ሆኖ በአማካይ 4.91 አምጥቶ ተመረቀ። ሌሎቹ ተመራቂዎች ረዳትነት ሲያገኙ እሱን የሚፈልግ ፕሮፌሰር ጠፋ። በ1902 በርን በሚገኘው የፈጠራ መብት መሥሪያ ቤት የተቀጠረው በግሮስማን አባት አማላጅነት ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1912፣ ያው ረዳትነት የነፈገው ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር አድርጎ ጠራው። በዚህ ጊዜ ግሮስማን እዚያው የጂኦሜትሪ ፕሮፌሰር ስለነበር፣ አንስታይን ለአጠቃላይ አንጻራዊነት ንድፈ ሐሳቡ የጎደለውን ሒሳብ ከማን እንደሚጠይቅ ያውቅ ነበር። ሁለቱ በ1913 ያወጡት የጋራ ሥራ ለንድፈ ሐሳቡ መዳረሻ ሆነ። በ1914 ወደ በርሊን ሄደ።

አንስታይን የዶክትሬት ዲግሪውን ለምን ከፖሊቴክኒኩ አላገኘም?

በዚያን ጊዜ ፖሊቴክኒኩ ዶክትሬት የመስጠት መብት ስላልነበረው ነው። ተመራቂዎቹ ጥናታቸውን የሚያስገቡት ጎረቤት ወዳለው የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ አንስታይን በ1905 ያደረገው ይህንኑ ነው። በ1868 በመካኒካል ምህንድስና የተመረቀውና በኋላ ኤክስሬይን ያገኘው ቪልሄልም ሮንትገንም ዶክትሬቱን በ1869 የወሰደው ከዚያው ነው። መብቱ የመጣው ከ1908 እስከ 1911 በተካሄደው ማሻሻያ ሲሆን፣ የስሙ ለውጥም የዚያ ማሻሻያ መደምደሚያ ነበር።

ሴቶች መማር የጀመሩት መቼ ነው?

በ1871 ሩሲያዊቷ ናዴዥዳ ስሜትስካያ በመካኒካል ምህንድስና ስትመዘገብ የመጀመሪያዋ ሴት ተማሪ ሆነች። የትምህርት ቤቱ ደንብ ሴቶችን በግልጽ ስላልከለከለ፣ በአገራቸው በሩ የተዘጋባቸው የሩሲያና የምሥራቅ አውሮፓ ሴቶች ወደ ዙሪክ ይጎርፉ ነበር። የስዊስ ሴቶች በፌዴራል ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት ያገኙት በ1971 መሆኑን ስናስብ፣ የምህንድስና ክፍሉ ከምርጫ ሣጥኑ መቶ ዓመት ቀድሟል። ነገር ግን መግባት አንድ ነገር ነው፣ መሾም ሌላ። ከአንስታይን ጋር በአንድ ክፍል የተማረችውና በኋላ ያገባችው ሚሌቫ ማሪች የመጨረሻውን ፈተና ሁለት ጊዜ ወስዳ ሳታልፍ ቀርታለች። በሙሉ ፕሮፌሰርነት የተሾመችው የመጀመሪያዋ ሴት የሥነ ሕንፃ ባለሙያዋ ፍሎራ ሩሻ-ሮንካቲ ስትሆን፣ ይህም የሆነው በ1985 ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ምን ሆነ?

ስዊዘርላንድ ገለልተኛ ስለነበረች ትምህርቱ አልተቋረጠም። የተቋሙ ታሪክ ግን ከዘመኑ ጥላ ነፃ አይደለም። ከ1928 ጀምሮ የቲዎሪ ፊዚክስ ፕሮፌሰር የነበረው ቮልፍጋንግ ፓውሊ የጀርመን ጦር ኦስትሪያን ከያዘ በኋላ የስዊስ ዜግነት ጠይቆ ተከለከለ፤ በአባቱ በኩል የአይሁድ ዘር ስላለው ስጋት ገብቶት በ1940 ወደ አሜሪካ ሄደ። የ1945ን የኖቤል ሽልማት ያገኘው እዚያ ሳለ ነው። በ1946 ወደ ዙሪክ ተመለሰ፤ ዜግነቱም ከዚያ በኋላ ተሰጠው።

በኮምፒውተር ታሪክ ውስጥ ምን ድርሻ አለው?

ከጦርነቱ በኋላ ኮምፒውተር የሚባል ነገር በአህጉራዊው አውሮፓ ጨርሶ አልነበረም ማለት ይቻላል። የሒሳብ ፕሮፌሰሩ ኤድዋርድ ሽቲፈል፣ ኮንራድ ዙሴ የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ከጦርነቱ ያተረፈው ዜድ 4 የተባለ የስሌት መኪና በጀርመን ባቫሪያ መኖሩን ሰምቶ ሄዶ አየውና ተከራየው። መኪናው ከ1950 እስከ 1955 በዙሪክ ሠራ። ፕሮግራሙ የሚነበበው ከተበሳ የፊልም ጥቅልል ላይ ነው፤ ስሌቱን የሚያከናውኑት በኤሌክትሪክ የሚከፈቱና የሚዘጉ ማብሪያዎች በመሆናቸው ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን ሲሠራ ድምፁ ይንኳኳል። ዙሴ ራሱ የዙሪክ ሌሊት በዚህ መኪና ምክንያት ትንሽ ሕይወት አገኘ እያለ ይቀልድ ነበር። ከዚያ ተቋሙ ኤርሜት የተባለ የራሱን ኮምፒውተር በ1956 ሥራ አስጀመረ።

ለብዙ ሰው የቀረበው ስም ግን ኒክላውስ ቪርት ሳይሆን አይቀርም። በ1970 ይፋ ያደረገው ፓስካል የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ በመጀመሪያ የታሰበው ለማስተማሪያነት ነበር፤ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል በየአገሩ ብዙ ተማሪዎች ፕሮግራም መጻፍ የጀመሩት በእሱ ነው። ቪርት በ1984 በኮምፒውተር ሳይንስ ከፍተኛ ክብር ያለውን የቱሪንግ ሽልማት አግኝቷል። የሚገርመው፣ የኮምፒውተር ሳይንስ ራሱን የቻለ ክፍል ሆኖ የተቋቋመው በ1981 ነው፤ ሥራው ከስሙ በሠላሳ ዓመት ቀድሟል።

የሎዛኑ ፖሊቴክኒክ ቅርንጫፉ ነው?

አይደለም። ሎዛን በተባለችው የስዊዘርላንድ ከተማ ያለው ትምህርት ቤት በ1853 የተቋቋመ ሲሆን፣ ፌዴራል የሆነው በ1969 ነው። በዚያው ዓመት ሁለቱን ተቋማት የሚያስተዳድር አዲስ ሕግ ሲወጣ፣ ተማሪዎች እኛ ያልተሳተፍንበት ነው ብለው ፊርማ አሰባስበው ጉዳዩን ለሕዝበ ውሳኔ አቀረቡት፤ መራጩም በጁን 1 ቀን ሕጉን በከፍተኛ ድምፅ ጣለው። ተተኪው ሕግ እስኪወጣ ከሃያ ዓመታት በላይ ፈጅቷል። ተማሪዎች በአዳራሽ ሳይሆን በምርጫ ሣጥን መንግሥትን የረቱበት አጋጣሚ በብዙ አገር አይገኝም።

ስንት የኖቤል ተሸላሚዎች አሉት?

ከተቋሙ ጋር የተያያዙት ከ20 በላይ ናቸው። ቁጥሩ የሚለያየው ተማሪ የነበረውን፣ ያስተማረውንና ለጥቂት ጊዜ የቆየውን ሁሉም እኩል ስለማይቆጥር ነው። በኢቲኤች ውስጥ በሠሩት ሥራ ከተሸለሙት መካከል ሊዮፖልድ ሩዢችካ (1939)፣ ቭላዲሚር ፕሬሎግ (1975)፣ ሪቻርድ ኤርንስት (1991) እና ኩርት ቩትሪሽ (2002) ይገኛሉ፤ አራቱም በኬሚስትሪ ነው። በአንስታይን ስም የሚታወቅ ተቋም በኬሚስትሪ እንዲህ መበርታቱ ብዙ አይነገርም።

የውጭ አገር ተማሪዎች ሁልጊዜም ነበሩ?

ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበሩ፤ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ከኦስትሪያ-ሃንጋሪ፣ ከጀርመንና ከሩሲያ የሚመጡት ከተማሪው ጉልህ ድርሻ ነበራቸው። አሁን ከ25,000 በላይ ተማሪዎች አሉት። ክፍያው ለረጅም ጊዜ ለስዊሱም ለውጭ አገር ሰውም አንድ ዓይነት ሆኖ ቆይቶ በመጨረሻ በአንድ መንፈቅ 730 ፍራንክ ደርሶ ነበር፤ ለመማር ሲሉ ከውጭ ለሚመጡ አዲስ ተማሪዎች ከ2025 መኸር ጀምሮ በሦስት እጥፍ እንዲጨምር ተወስኗል።

ታሪካዊውን ሕንፃ መጎብኘት ይቻላል?

ይቻላል፤ ዋናው ሕንፃ በሥራ ሰዓት ለመንገደኛ ክፍት ነው። ከዙሪክ ዋናው የባቡር ጣቢያ ወንዙን ተሻግሮ ጥቂት ከተራመዱ በኋላ ፖሊባን የተባለችው ቀይ ባቡር ትገኛለች። በ1889 ሥራ የጀመረችው ይህች ባቡር በገመድ እየተሳበች ዳገቱን በሁለት ደቂቃ ገደማ ትወጣና ሕንፃው ፊት ለፊት ካለው ሰፊ ሰገነት ሥር ታደርሳለች። ጠዋት ጠዋት ተማሪ ስለሚጨናነቅባት፣ ጊዜ ያለው ሰው ከረፋዱ በኋላ ቢሄድ ይሻለዋል። ከሰገነቱ ላይ ከተማው፣ ሐይቁ፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀንም የአልፕስ ተራሮች ይታያሉ። በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ያለውን የዜምፐርን ሥዕል ለማየት ግን ሕንፃውን ዞሮ ወደ ሰሜኑ ጎን መሄድ ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ጎብኚ ሳያየው ይመለሳል።